በ36 ዲግሪ የሚቆሙት

ሙከራው የሚጀምረው በከፋይ ጨርቅ ነው። ተመራማሪው በክብ ግንድ ላይ ንጹሕ ከፋይ ይወጥርና የእርሾ ነጠብጣቦች የበቀሉበትን ሳህን ገልብጦ ቀስ አድርጎ ይጫነዋል። የከፋዩ ፀጉር ከእያንዳንዱ ነጠብጣብ ጥቂት ሕዋሶችን ያነሣል። ከዚያ ሁለት ባዶ ሳህኖች በየተራ በዚያው ከፋይ ላይ ይታተማሉ። አንዱ 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ሌላው 36 ዲግሪ ያለው ውስጥ። ሕዋሶቹ ሲበቅሉ ሁለቱ ሳህኖች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይመረመራሉ። የሚፈለገው በቀዝቃዛው ሳህን ላይ የበቀለ፣ በሞቃቱ ላይ ግን ቦታው ባዶ የቀረ ነጠብጣብ ነው።

በ1960ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ሊላንድ ሃርትዌል እንዲህ ያሉ ባዶ ቦታዎችን ይለቅሙ ነበር። ለሕይወት የግድ የሚያስፈልግ ጂን ከተበላሸ ሕዋሱ ይሞታል፤ የሞተ ሕዋስ ደግሞ ምን ጎድሎት እንደሞተ አይናገርም። ስለዚህ ጂኑ መበላሸት ያለበት በከፊል ነው። ዲኤንኤን የሚያጎድፍ ኬሚካል ከነካቸው እጅግ ብዙ ሕዋሶች መካከል አልፎ አልፎ አንዱ ፕሮቲኑ በቅዝቃዜ የሚሠራ፣ ሲሞቅ ግን ቅርጹ የሚፈርስ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ሕዋስ በ23 ዲግሪ እያራቡ ማቆየት፣ ሲፈለግም ወደ 36 አሻግሮ በውስጡ ምን ቀድሞ እንደሚቆም መመልከት ይቻላል። ሃርትዌል 400 ያህል እንዲህ ያሉ ዝርያዎች ሰበሰቡ።

ከስብስቡ መካከል ሙቀቱ ሲጨምር አርኤንኤ መሥራት የሚያቅታቸው ነበሩ። በ1970 ሃርትዌል፣ ካልቪን ማክላፍሊንና ጆናተን ዋርነር ከእነዚህ ዝርያዎች አሥር ጂኖችን ለይተው አወጡና ከአርኤንኤ2 እስከ አርኤንኤ11 ብለው ሰየሟቸው። ጂኖቹ የራይቦዞምን አፈጣጠር ይቆጣጠራሉ ሲሉም ደመደሙ። ራይቦዞም ሕዋስ ፕሮቲን የሚሠራበት መሣሪያ ነው። ድምዳሜያቸው ስሕተት አልነበረም፤ ዝርያዎቹ ወደ 36 ዲግሪ በተሻገሩ ቁጥር የራይቦዞም ሥራ በእርግጥ ይቆም ነበር። ለምን እንደሚቆም ግን ያን ጊዜ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር። እነዚያ ጂኖች የሚሠሩት ሥራ በተፈጥሮ ውስጥ መኖሩ ራሱ ገና አልታወቀም ነበርና።

ከዚያው ስብስብ ሌላው ወገን የሕዋስ ክፍፍልን የሚቆጣጠሩ ጂኖችን አስገኝቶ ሃርትዌልን በ2001 ለኖቤል ሽልማት አበቃ። የዓለም ዓይን ያረፈው በእነዚያ ላይ ነው። አሥሩ የአርኤንኤ ጂኖች ትርጉማቸው እስኪገኝ ከአሥር ዓመት በላይ ጠበቁ።

የተቆራረጠው መልእክት

በ1977 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የፊሊፕ ሻርፕ፣ በኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ደግሞ የሪቻርድ ሮበርትስ ቡድኖች የአዴኖቫይረስን አርኤንኤ ከራሱ ዲኤንኤ ጋር አጣምረው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። ጂን አንድ ወጥ ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ክሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ በተጋጠሙ ነበር። የታየው ሌላ ነው፤ ዲኤንኤው በየቦታው እየተቀለበሰ ከአርኤንኤው ጋር ሳይገናኝ ይወጣል። አርኤንኤው ውስጥ የሌሉ፣ ዲኤንኤው ላይ ግን ያሉ ረጃጅም ቁርጥራጮች ነበሩ ማለት ነው። ሁለቱ ሰዎች በ1993 በዚህ ግኝት ኖቤል ተሸለሙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕዋስ ጂኑን በመጀመሪያ እንዳለ ወደ አርኤንኤ ይገለብጠዋል። በግልባጩ መካከል ለፕሮቲኑ የማይፈለጉ ክፍሎች አሉ፤ ኢንትሮን ይባላሉ። እነዚህ ተቆርጠው ይወጡና የቀሩት ክፍሎች፣ ማለትም ኤክሶኖቹ፣ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ይህ ቆርጦ የማያያዝ ሥራ ስፕላይሲንግ ነው። ራይቦዞም መልእክቱን የሚያነብበው ሦስት ሦስት ፊደል እየለየ ስለሆነ መቁረጫው በአንዲት ፊደል ከሳተ ከዚያ ወዲያ ያለው ንባብ ሁሉ ይበላሻል። በሰው አንድ ጂን ውስጥ ስምንት፣ ዘጠኝ ኢንትሮን ማግኘት የተለመደ ነው፤ የአንዱ ብቻ ርዝመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፊደል ሊሆን ይችላል።

እርሾ ግን በኢንትሮን ረገድ ድኻ ነው። እዚህ ላይ እርሾ የምለው ሳካሮማይሲስ ሰረቪሲዬ የተባለውን፣ ዳቦ የሚነፋውን፣ ጠላና ጠጅ ሲጠመቅ ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠውን ባለ አንድ ሕዋስ ፈንገስ ነው። የጂን ካርታው በ1996 ሲጠናቀቅ ከ6,000 ገደማ ጂኖቹ ኢንትሮን ያላቸው 300 እንኳ እንደማይሞሉ፣ ያላቸውም አብዛኞቹ አንድ አንድ ብቻ እንደያዙ ታወቀ። ስፕላይሲንግን ለማጥናት እርሾን መምረጥ ባሕር ዳር ተቀምጦ ዓሣን ከጉድጓድ ውኃ የመፈለግ ያህል ይመስል ነበር።

ድህነቱ ግን በአንድ ቦታ አይሠራም። ኢንትሮን ካላቸው ጥቂት ጂኖች መካከል ትልቁ ወገን የራይቦዞም ፕሮቲኖችን የሚሠሩት ናቸው፤ ከ137ቱ የራይቦዞም ፕሮቲን ጂኖች 100 ያህሉ ኢንትሮን አላቸው። በደንብ የሚመገብ የእርሾ ሕዋስ በደቂቃ 2,000 ያህል ራይቦዞም ይሠራል። ስለዚህ የእነዚህ ጂኖች መልእክት ሌት ተቀን ይመረታል፤ ከሕዋሱ መልእክት ሁሉ ከሩብ በላይ የሚሆነው ተቆርጦ መያያዝ አለበት። ስፕላይሲንግ ድንገት ቢቆም መጀመሪያ የሚጎድለው ራይቦዞም ነው።

በብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ሮዝባሽና ባልደረቦቻቸው (ሮዝባሽ በኋላ በ2017 ኖቤል ያገኙት በሌላ ጉዳይ፣ በሰውነት የቀን ሰዓት ጥናት ነው) የሃርትዌልን ዝርያዎች አንሥተው የራይቦዞም ፕሮቲን መልእክቶችን አንድ በአንድ ተመለከቱ። በ1981 እንዳሳተሙት ሙቀቱ ሲጨምር ትክክለኛው መልእክት ይመናመናል፤ በምትኩ ከእሱ የሚረዝም፣ ኢንትሮኑ ሳይወጣለት የቀረ አርኤንኤ ይከማቻል። እንቆቅልሹ በዚህ ተፈታ። አሥሩ ጂኖች ራይቦዞም አይሠሩም፤ የሚሠሩት ስፕላይሲንግ ነው። ራይቦዞሙ የጠፋው መልእክቱ ሳይቆረጥ በመቅረቱ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ስማቸውም ተለወጠና ከፒአርፒ2 እስከ ፒአርፒ11 ተባሉ። ከዝርዝሩ ቀደም ብሎ ተለይቶ የነበረው አርኤንኤ1 ግን የስፕላይሲንግ ጂን ሆኖ አልተገኘም፤ ሥራው በኒውክሊየሱ ደጃፍ የሚገባውንና የሚወጣውን ከማጓጓዝ ጋር የተያያዘ ነው።

ሁለት የሞቱ ጭማቂዎች

ሕያው ሕዋስ ውስጥ የሚታየው ነገር ሁሌም አንድ ጥርጣሬ ያስቀራል። ፕሮቲኑ ራሱ ይቆርጣል ወይስ ጉድለቱ በሌላ መንገድ ዞሮ መጣ? ይህን ለመለየት ሥራውን ከሕዋሱ አውጥቶ በብልቃጥ ውስጥ ማሠራት ያስፈልጋል። የጆን ኤብልሰን ቡድን በ1985 ይህን በእርሾ አሳካ።

የአሠራሩ ዝርዝር ዛሬም በብዙ ቤተ ሙከራ ብዙም አልተለወጠም። እርሾው ይፈረከስና ከውስጡ ጭማቂው ይወሰዳል። ትንሽ ማግኒዚየም፣ ፖታሲየም ፎስፌት፣ ፖሊኤቲሊን ግላይኮልና የሕዋስ ነዳጅ የሆነው ኤቲፒ ይጨመርበታል። በሬዲዮአክቲቭ ፎስፈረስ ምልክት የተደረገበት፣ ኢንትሮን ያለው አርኤንኤ ከገባ በኋላ ብልቃጡ ለብ ባለ ውኃ ላይ ይቀመጣል። በመጨረሻ አርኤንኤው በጄል ላይ በኤሌክትሪክ ይነዳና በኤክስሬይ ፊልም ይነሣል። ፊልሙ ሲታጠብ ጥቁር መስመሮች ብቅ ይላሉ፤ ከታች የተያያዘው መልእክት፣ ከላይ ደግሞ ከፊደሉ ብዛት በላይ በዝግታ የሚጓዝ አንድ እንግዳ መስመር።

ያ ዘገምተኛ መስመር ቀጥ ያለ ክር አይደለም፤ ሸምቀቆ ነው። የኢንትሮኑ መጀመሪያ ዞሮ በራሱ ወገብ ላይ ታስሯል። በ1984 በሰውና በእርሾ በተናጠል የታየው ይህ ቅርጽ ስፕላይሲንግ በሁለት እርምጃ እንደሚጠናቀቅ አስረዳ። በኢንትሮኑ ውስጥ ያለች አንዲት ኤ ፊደል በጎኗ የተንጠለጠለውን ኦክስጅን ወርውራ የኢንትሮኑን መጀመሪያ ትሰብርና ከራሷ ጋር ታያይዘዋለች። ተቆርጦ የቀረው የመጀመሪያው ኤክሶን ጫፍ በተራው የኢንትሮኑን መጨረሻ ይመታና ከሁለተኛው ኤክሶን ጋር ይጣበቃል። ሸምቀቆው ይጣላል።

ኤብልሰንና ባልደረቦቻቸው በ1986 የፒአርፒ ዝርያዎችን ጭማቂ አወጡና በሙቀት አከሸፉት። በፊልሙ ላይ ያልተቆረጠው አርኤንኤ ብቻ ታየ። ቀጥሎ የአንዱን ዝርያ የከሸፈ ጭማቂ ከሌላው የከሸፈ ጭማቂ ጋር ቀላቀሉ። ስፕላይሲንጉ ተመለሰ። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይዞ ነበርና። ከዚያ በኋላ እነዚህ ፕሮቲኖች ራሳቸው በማሽኑ ውስጥ መሆናቸውን የሚጠራጠር አልቀረም። ማሽኑም ስም አግኝቶ ነበር፤ ኤድዋርድ ብሮዲና ኤብልሰን በ1985 ስፕላይሶዞም ብለውታል።

ጥንቸሏና ሰባቱ ፊደላት

ተመራማሪዋ ጂን ቤግስ በ1978 የውጭ ዲኤንኤን በራሱ በሚራባ ቀለበት ላይ ጭነው ወደ እርሾ የማስገባትን መንገድ ካገኙ በኋላ፣ ከዙሪኩ ቻርልስ ዋይስማን ቡድን ጋር የጥንቸልን የቤታ ግሎቢን ጂን ለእርሾ ሰጡ። የዚህ ጂን ሥራ የደም ቀይ ቀለም አካል የሆነ ፕሮቲን ማዘዝ ነው፤ ሁለት ኢንትሮንም አለው። እርሾው ጂኑን ከፊሉን ቢገለብጠውም በ1980 የወጣው ውጤት ኢንትሮኑን ቆርጦ እንደማያወጣ አሳየ። አንዳንዶች ይህን የእርሾ ስፕላይሲንግ ከእኛው እንደሚለይ ማስረጃ አድርገው ወሰዱት።

ልዩነቱ ያለው በማሽኑ ሳይሆን በምልክቱ ነበር። የሮዝባሽና በጀርመን የዲተር ጋልዊትዝ ቤተ ሙከራዎች በ1983 እንዳገኙት በእርሾ ኢንትሮኖች ውስጥ ከሞላ ጎደል ሳይለወጥ የሚደጋገም የሰባት ፊደል ምልክት አለ፤ በአርኤንኤ ቋንቋ ዩኤሲዩኤኤሲ ይነበባል። ሸምቀቆውን የምታስረው ኤ ከመጨረሻ ሁለተኛዋ ፊደል ናት። በሰው ኢንትሮኖች ውስጥ ይኸው ቦታ እጅግ ልል ነው፤ ከአንዱ ኢንትሮን ወደ ሌላው ፊደሎቹ ይለዋወጣሉ። እርሾው ጥብቅ ስለሆነ የጥንቸሏን ልል ምልክት አላወቀውም። ይህ ጥብቅነት ለተመራማሪዎች ያልታሰበ በረከት ሆነ። አንዲት ፊደል ሲለውጡ ስፕላይሲንጉ በግልጽ ይወድቃል፤ የሰው ሕዋስ ላይ ቢሆን ኖሮ ማሽኑ በአቅራቢያው ሌላ ኤ ፈልጎ ሥራውን ሊቀጥል ይችል ነበር።

ሰባቱን ፊደላት የሚያነብበው ማን ነው? የሚል ጥያቄ ክርስቲን ገትሪን ሳበ። በሳን ፍራንሲስኮው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩትና በ2022 ያረፉት ገትሪ በዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኔ ከሁሉ የሚልቁ ሰው ናቸው። ከእሳቸው በፊት በዬል ጆን ስታይትዝና ማይክል ለርነር ሉፐስ የተባለ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ፀረ እንግዳ አካላት ተጠቅመው በሰው ኒውክሊየስ ውስጥ ትናንሽ የአርኤንኤና የፕሮቲን ጥምሮችን ለይተው ነበር። በእርሾ ውስጥ ግን እንዲህ ያሉ ትናንሽ አርኤንኤዎች መኖራቸውን ብዙዎች ይጠራጠሩ ነበር። በሰው ሕዋስ ውስጥ የአንዱ ብዛት እስከ ሚሊዮን ይደርሳል፤ በእርሾ ውስጥ ግን ጥቂት መቶ ብቻ ነው። ገትሪና ባልደረቦቻቸው በ1983 እነዚህን እጥረተኞች አገኟቸው፤ እያንዳንዳቸውም በአንድ ጂን ብቻ እንደሚታዘዙ አሳዩ። ከተገኙት መካከል በኋላ ከስፕላይሲንግ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው ሆነው የወጡም ነበሩ፤ ለጉዳዩ የሚፈለጉት አምስት ናቸው፤ ዩ1፣ ዩ2፣ ዩ4፣ ዩ5 እና ዩ6።

አንድ ጂን ብቻ መሆኑ ቁልፍ ነው። በሰው ሕዋስ ውስጥ የዩ2 ጂን በብዙ ቅጂ ስለሚገኝ አንዱን ቢያበላሹት ሌሎቹ ይሸፍኑለታል። በእርሾ ግን አንዱን መለወጥ ሁሉንም መለወጥ ነው። በ1987 ሮይ ፓርከር፣ ፖል ሲሊሲያኖና ገትሪ በኢንትሮኑ ሰባት ፊደላት ላይ አንዲቱን ለወጡ፤ ስፕላይሲንጉ ወደቀ። ከዚያ በዩ2 ውስጥ ትይዩዋን ፊደል ጥንዱን እንዲመልስ አድርገው ለወጡ፤ ስፕላይሲንጉ ተነሣ። ዩ2 ከኢንትሮኑ ጋር ፊደል በፊደል እንደሚጣመር ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አይጠየቅም። ኤዋ ጥንድ አጥታ ወደ ውጭ ትቀራለች፤ ለጥቃቱ የምትዘጋጀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጊዜ የሚቆጥረው ፕሮቲን

ከገትሪ ቤት የወጣው ሌላው ሙከራ የበለጠ ያስገርመኛል። ቡድኑ አክቲን ከተባለ ጂን የወሰደውን ኢንትሮን ሂስ4 ከተባለ ሌላ ጂን ጋር አጋጠመው። ሂስ4 ለእርሾው ሂስቲዲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ከሂስቲዲኖል እንዲሠራ የሚያስችለው ጂን ነው። ስለዚህ ሂስቲዲን በሌለበት፣ ሂስቲዲኖል ባለበት ሳህን ላይ የሚኖር ሕዋስ ስፕላይሲንጉ የሠራለት ነው። ቀጥለው ሸምቀቆ የምታስረዋን ኤ በሲ ተኩ። ሕዋሱ በሳህኑ ላይ መብቀል አቃተው። ከዚያ ሌላ ቦታ ላይ በተፈጠረ ጉድለት ተረድቶ ዳግም የሚበቅል ሕዋስ ፈለጉ።

አንድ ዝርያ በቀለ። በውስጡ የተለወጠው ጂን ፒአርፒ16 ተባለ። በተለመደው አስተሳሰብ የተበላሸ ኢንትሮንን የሚያስቆርጥ ለውጥ ማሽኑን ያጠነከረ መሆን አለበት። የተገኘው ተቃራኒው ነው። ፒአርፒ16 ኤቲፒን እየሰበረ በሚያገኘው ጉልበት ስፕላይሶዞሙን ከመጀመሪያው እርምጃ ወደ ሁለተኛው የሚያሸጋግር ፕሮቲን ነው፤ የተገኘው ለውጥ ደግሞ ኤቲፒ የመስበር አቅሙን አዳክሞታል። ደካማው ፕሮቲን ስሕተቱን አሳለፈው።

ገትሪና ሾን በርጀስ ከዚህ ያወጡት ትርጉም በ1990ዎቹ መጀመሪያ አከራከረ፣ በኋላም ጸና። ፒአርፒ16ን ሰዓት ሲሞላ ወረቀት እንደሚሰበስብ የፈተና ተቆጣጣሪ ማሰብ ይቻላል። ኤ ያለው ጤነኛ ኢንትሮን ቶሎ ጨርሶ ያስረክባል። ሲ ያለው የተበላሸው ይንቀራፈፋል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ገና ስላልጨረሰ ይጣላል። ተቆጣጣሪው ራሱ ካንቀላፋ ግን ዘገምተኛውም ለመጨረስ ጊዜ ያገኛል። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የጆናተን ስቴሊ ቡድን በ2010 እንዳሳየው በዚህ መልክ የተለየው አርኤንኤ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ፒአርፒ43 የተባለ ሌላ ፕሮቲን ስፕላይሶዞሙን አፍርሶ ይጥለዋል። እንዲህ ያሉ ኤቲፒ የሚሰብሩ ፕሮቲኖች በማሽኑ ውስጥ ስምንት ናቸው። የመቁረጡና የማያያዙ ኬሚስትሪ ለራሱ ነዳጅ አይፈልግም፤ ሕዋሱ ኤቲፒ የሚያወጣው ማሽኑን ለማጣጠፍ፣ ለመፍታትና ስሕተቱን ለይቶ ለመጣል ነው። ወጪው በአብዛኛው የጥራት ቁጥጥር ወጪ ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

በ1993 ካሚ ሌሰርና ገትሪ በሂስ4 ፋንታ ካፕ1 የተባለውን ጂን ኢንትሮኑ ላይ ቀጠሉ። ካፕ1 መዳብን የሚያስር ፕሮቲን ያዛል፤ የሌለው እርሾ በመዳብ ይሞታል። ሳህኖች ይዘጋጁና በእያንዳንዳቸው ውስጥ ከቀዳሚው የበዛ መዳብ ሰልፌት ይጨመራል። ተመራማሪው በየሳህኑ ላይ የየዝርያውን ጠብታ በአንድ ዓይነት ረድፍ ያስቀምጣል። ቀን ቆጥሮ ሲያይ ስፕላይሲንጉ ጤነኛ የሆነው እርሾ መዳብ በበዛበት ሳህን ላይ ሳይቀር ይበቅላል፤ ግማሽ የሚሠራው መካከለኛው ላይ ይቆማል፤ የማይሠራው ከመጀመሪያዎቹ አይዘልቅም። መኖርና መሞትን ብቻ ይናገር የነበረው ሳህን መጠን የሚናገር ሆነ። ውድ መሣሪያ የማይፈልግ መለኪያ ነው፤ እስከ ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

ከአሥሩ አራቱ

ፒአርፒ8 የማሽኑ ግዙፍ ፕሮቲን ነው። 2,413 አሚኖ አሲድ አለው፤ የተለመደው የእርሾ ፕሮቲን ከዚህ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። በማሽኑ ልብ ላይ ተቀምጦ የኢንትሮኑን ሁለት ጫፎችና ኤዋን በአንድ ጊዜ ይነካል። በቤግስ ቤተ ሙከራ በሰፊው የተጠናው ይህ ፕሮቲን በእርሾና በሰው መካከል ከ100 አሚኖ አሲዶች 60 ያህሉን ይጋራል። የሁለቱ የዘር ሐረግ ከተለያየ ቢሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ ሲታሰብ ይህ ያስደንቃል።

በ2001 የሰውን ፒአርፒ8 በሚያዘው ጂን ላይ ያለ ጉድለት ሬቲናይተስ ፒግመንቶዛ የተባለውን የዓይን ሕመም እንደሚያመጣ ታወቀ። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በዳፍንት ይጀምራል፤ እኛ ዘንድ ዳፍንት ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው፤ ይህኛው ግን በዘር የሚተላለፍና በምግብ የማይታረም ነው። በጨለማ የሚያዩት የሬቲና ሕዋሶች ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ የእይታው መስክ ከዳር ወደ መሐል ይጠባል። በዓለም ላይ ከ4,000 ሰዎች አንዱን ያህል ይይዛል፤ መንስኤ የሚሆኑት ጂኖችም ብዙ ዓይነት ናቸው። ከእነሱ መካከል የስፕላይሲንግ ወገን የሆኑት ሲቆጠሩ በሃርትዌል የ1970 ዝርዝር ላይ የነበሩ አራት ቁጥሮች ይገኛሉ፤ 3፣ 4፣ 6 እና 8። ፒአርፒ31ና ብር2 የተባሉት ደግሞ በኋላ የተገኙ የዚያው ቤተሰብ አባላት ናቸው።

በሁሉም ሕዋስ ውስጥ የሚሠራ ማሽን ሲጎድል ዓይን ብቻ ለምን ይታመማል? በሬቲና ውስጥ ያሉት በትር መሰል ሕዋሶች ብርሃን ከሚቀበለው አካላቸው በየቀኑ አንድ አሥረኛ ያህሉን አርጅቶ ይጥላሉ፤ በምትኩም አዲስ ይሠራሉ። ይህን ለማሟላት የሚጠየቀው የመልእክት ብዛት ከፍተኛ ስለሆነ ሌላው ሕዋስ የማይሰማውን ትንሽ ጉድለት እነሱ ይሰሙታል የሚለው ሐሳብ ብዙዎች የሚያነሡት ነው። አሳማኝ ይመስለኛል፤ ብቻውን የሚበቃ ግን አይመስለኝም። ሌሎችም ሥራ የሚበዛባቸው ሕዋሶች አሉና።

ጉድለቱ ምን እንደሆነ የተሻለ ፍንጭ የሰጠው እርሾ ነው። የታማሚዎቹ ለውጦች በፒአርፒ8 መጨረሻ ጅራት ላይ ይሰበሰባሉ። የቤግስ ቡድን እነዚያኑ ለውጦች በእርሾው ፒአርፒ8 ላይ አስገብቶ በ2007 እንዳስታወቀው የዩ5 ጥምር በትክክል አይበስልም፤ ፒአርፒ8 ከብር2 ጋር ያለው ቁርኝትም ይላላል። ብር2 ዩ4ን ከዩ6 የሚፈታው ፕሮቲን ነው፤ ያ ካልተፈታ ማሽኑ አይነቃም። ኋላ በ2013 እንደታየው የፒአርፒ8 ጅራት በብር2 የአርኤንኤ መግቢያ ውስጥ እንደ ውታፍ ገብቶ ያለ ጊዜው እንዳይሠራ ይገታዋል፤ የሕመሙ ለውጦችም ይህን መግታት ያበላሹታል።

የመዳቡ ሳህን ደግሞ ለደም ሕመም ዋለ። ኤስኤፍ3ቢ1 የተባለው የሰው ጂን በ2011 ማይሎዲስፕላስቲክ ሲንድረም ከተባሉት የመቅኔ ሕመሞች ጋር ተያያዘ። በእርሾ የሱ አቻ ኤችኤስኤች155 ነው። የታማሚዎቹን ለውጦች በዚህ አቻ ላይ አስገብተው በመዳብ ሳህን የፈተኑ ተመራማሪዎች እርሾው ሸምቀቆ የሚታሰርበትን ቦታ የሚመርጥበት ጥንቃቄ እንደተለወጠ አዩ፤ በ2016 እና በ2017 ሁለት ቡድኖች በየፊናቸው ይህን አስታውቀዋል።

ስለ ማሽኑ ቅርጽ አጭር ልበል። የስቴሊና የጆሴፍ ፒቺሪሊ ቡድኖች በ2013 መቁረጡን የሚፈጽሙትን የብረት አዮኖች የሚይዘው ፕሮቲን ሳይሆን ዩ6 አርኤንኤ መሆኑን በእርሾ አረጋገጡ። በ2015 ደግሞ በቤይጂንግ ጺንኋ ዩኒቨርሲቲ የዪጎንግ ሺ ቡድን የሌላ እርሾ ስፕላይሶዞምን በቀዝቃዛ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አቶሞቹ ሊለዩ እስኪቃረቡ ድረስ ተመለከተው። የካምብሪጁ ኪዮሺ ናጋይና የጎቲንገኑ ራይንሃርድ ሉርማን ቡድኖችም ተከተሉ። ዛሬ ማሽኑ በየደረጃው ምን እንደሚመስል በሥዕል ይታያል። ሥዕሎቹ ያማሩ ናቸው፤ ዋናው ክርክር ግን ከመታየታቸው በፊት በሳህን ላይ አልቆ ነበር።

ያላለቀ አንድ ጉዳይ አለ። እርሾ ኢንትሮኖቹን ከሞላ ጎደል ሁሉንም በዝግመተ ለውጥ ከጣለ እነዚህን ጥቂቶች ለምን አስቀረ? በካናዳ የሸርብሩክ ዩኒቨርሲቲው የሸሪፍ አቡ ኤሌላ ቡድን ኢንትሮኖቹን ከጂኖቻቸው አንድ በአንድ የነቀለባቸውን ዝርያዎች አዘጋጀ። ምግብ በሞላበት ሳህን ላይ አብዛኞቹ ምንም አልሆኑም። ምግቡ ሲያልቅ ግን ኢንትሮን የሌላቸው ካላቸው ጋር ሲወዳደሩ ተሸነፉ። ቡድኑ በ2019 እንዳስረዳው ኢንትሮኑ በረሃብ ጊዜ የራይቦዞም ጂኖችን ሥራ ለማቀዝቀዝ ይረዳል፤ ይህን የሚያደርገውም ጂኑ ፕሮቲን ቢሠራም ባይሠራም ነው። በዚያው ጊዜ በማሳቹሴትስ የዴቪድ ባርትል ቡድን ሌላ ነገር አወጣ። እንደ ወትሮው ተቆርጦ ወዲያው የሚበሰብሰው ኢንትሮን እርሾው ተጨናንቆ እድገቱ ሲቆም አይበሰብስም፤ 34 ኢንትሮኖች ሸምቀቆአቸው ተፈትቶ ቀጥ ባለ ክር መልክ ይከማቻሉ፤ የሕዋሱን እድገትም ይገታሉ። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ የኔቸር እትም ወጥተዋል፤ ማብራሪያቸው ግን አንድ አይደለም። በመጀመሪያው ኢንትሮኑ ሥራውን የሚሠራው ተቆርጦ መውጣት ሳያስፈልገው ነው፤ በሁለተኛው ደግሞ የሚሠራው ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ነው።